ስፋቱ ልክ ነው፣ ሴራሚኩ ግን አልሞላ አለ

ድሬዳዋ ውስጥ ሴራሚክ የሚሠራ ባለሙያ አልገጥም ያለውን በግራይንደር ቆርጦ ይገላገላል። ወለል በሴራሚክ ይሞላ እንደሆነ በሚጠይቅ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ግን መቁረጥ ክልክል ነው። ተማሪዎች ብዙ ሰዓት የሚያባክኑትም እዚህ ጋ ነው፤ ባዶ ካሬ ሲተርፍ አደራደሩን ደጋግመው ይለዋውጣሉ።

ምልክት፦ ሒሳቡ ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ወለሉ ግን አይሞላም

ከዚራ ሰፈር ያለ ቤት በረንዳ 10 በ10 ካሬ ነው እንበል። ሴራሚኩ 1 በ4 ነው፤ አግድምም ቁመትም መተኛት ይችላል። 100 ለ4 ሲካፈል 25 ነው። ግን እንዴትም ቢደረደር አይሞላም።

መንስኤ፦ ስፋት ካሬዎቹ ስንት እንደሆኑ እንጂ የት እንዳሉ አይናገርም። እንደ ቼዝ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ መቀባትም እዚህ አያድንም። እያንዳንዱ ሴራሚክ 2 ጥቁርና 2 ነጭ ይሸፍናል፤ በረንዳውም 50 ጥቁርና 50 ነጭ ነው።

መፍትሄ፦ በቀለም ፋንታ ቁጥር ስጡ። ኢ² = −1 የሆነውን ኮምፕሌክስ ቁጥር ኢ ውሰዱ። ረድፎቹንም ዓምዶቹንም ከ0 እስከ 9 ቁጠሩ። የካሬው ረድፍና ዓምድ ሲደመሩ የሚመጣውን ቁጥር የኢ ኃይል አድርጉትና ካሬው ላይ ጻፉ። አሁን አንድ ሴራሚክ የትም ይተኛ፣ 1፣ ኢ፣ −1 እና −ኢን አንዳንድ ጊዜ ይሸፍናል። ድምሩ 0 ነው። በረንዳው የሚሞላ ቢሆን የሁሉም ካሬ ድምር 0 በሆነ ነበር።

ድምሩ ግን (1 + ኢ + ኢ² + … + ኢ⁹)² ነው። ቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 8 ቁጥሮች ይጣፋሉ፤ 1 + ኢ ይቀራል። ይህ በራሱ ሲባዛ 2ኢ ነው። 0 አይደለም፤ ስለዚህ አይሞላም። ስፍር ቁጥር የሌለው አደራደር በአንድ መስመር ተዘጋ! እኔ አልጀብራን የምወደው ለዚህ ነው።

አንዱን ጎን 12 ብታደርጉት ይሞላል፤ 12 ለ4 ይካፈላል። የሒሳብ ሊቁ ደ ብሩይን በ1969 ያሳተመው ውጤት ይህንኑ ያጠቃልላል፦ ባለ 1 ወርድ ሴራሚክ አራት ማዕዘን ወለልን የሚሞላው ቢያንስ አንዱ ጎን ለሴራሚኩ ርዝመት ሲካፈል ብቻ ነው።

ምልክት፦ የትኛውም ቁጥር ይሰጥ ድምሩ ይስማማል፣ ወለሉ ግን አሁንም አይሞላም

መንስኤ፦ ድምር ቅደም ተከተል አያውቅም።

መፍትሄ፦ የወለሉን ዙሪያ ተከተሉ። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሀ፣ ወደ ላይ ለ ይባል፤ ወደ ግራና ወደ ታች ተገላቢጦሻቸው ናቸው። ሀለ እና ለሀ እኩል ናቸው ብላችሁ አትነሱ። የእያንዳንዱ ሴራሚክ ዙሪያ 1 የሚሆንበት ግሩፕ ሥሩ፤ ግሩፕ ማለት እያንዳንዱ አባል ተገላቢጦሽ ያለው የማባዛት ሥርዓት ነው፣ 1 ደግሞ ምንም እንዳልተራመዱ መሆን ነው። በዚያ ግሩፕ ውስጥ የወለሉ ዙሪያ 1 ካልሆነ ወለሉ አይሞላም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኮንዌይና ላጋሪያስ በ1990 በዚህ መንገድ፣ የትኛውም የቀለም ዘዴ ሊያረጋግጣቸው የማይችል ወለሎች እንደማይሞሉ አሳዩ።

ምልክት፦ ድምሩ 0 መጣ፣ ወይም ዙሪያው 1 ሆነ፤ «እንግዲያው ይሞላል»

አይባልም። እነዚህ ፈተናዎች «አይሞላም» ማለት እንጂ «ይሞላል» ማለት አይችሉም። ይሞላል የምትሉ ከሆነ አደራደሩን ሥላችሁ አሳዩ።