ውሃ ሲያንስ ተራ ማውጣት፦ ለወሎ የውሃ አባቶች

ከቆቦ ጊራና ሸለቆ እስከ ቃሉ ድረስ በወንዝ ጠለፋ የሚለማ ማሳ ሁሉ ተራ አለው፤ ተራውን የሚያወጣ የውሃ አባትም አለው። ጥቅምት ላይ ወንዙ ሙሉ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። የሚከብደው ከጥር ወዲህ ነው፤ የክረምቱ ውሃ እየነጠፈ፣ በልጉ ገና ሳይጥል ወይም ጨርሶ ሲቀር። ያኔ የጥቅምቱን ተራ እንዳለ መያዝ ግርጌውን ያደርቃል፣ በድንገት መቀየር ደግሞ ያጣላል። መፍትሔው ለውጡን ውሃው ሳያንስ በፊት መደንገግ፣ ሲያንስም ቅነሳውን ከራስ ማሳ መጀመር ነው።

መለኪያ

«ውሃው ቀንሷል» ቢባል የራስጌው ሰው አይቀበልም፤ የግርጌው ደግሞ ጨርሶ ደርቋል ይላል። ስለዚህ ይለኩ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል፣ አንድ ቆርቆሮና ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። ቦዩ ዝቅ የሚልበትን ቦታ ይምረጡ፤ በርሜሉ የሚቆምበት ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ውሃው በሙሉ በቆርቆሮው ላይ እንዲወርድ ዳርና ዳሩን በጭቃ ይድፈኑ። ሦስት ጊዜ ሞልተው አማካዩን ይያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር፣ በ67 ሰከንድ 3 ሊትር፣ በ100 ሰከንድ 2 ሊትር ነው። ባለ20 ሊትር ጀሪካን ለዚህ አይሆንም፤ በ4 ሰከንድ ስለሚሞላ የአንድ ሰከንድ ስሕተት ብቻ ልኬቱን በሩብ ያዛባል። ሰዓት የሚይዙት አንድ ሰው ከራስጌ፣ አንድ ሰው ከግርጌ ይሁኑ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይለካ።

ልኬቱ ጠለፋው ላይም ግርጌም ይደረግ። ላይ 5 ሊትር ሆኖ ታች 3 ብቻ ከደረሰ፣ የሰዉን ተራ ከመቁረጥ በፊት ቦዩ ይታይ፦ ደለል፣ ሣር፣ የአይጥ ጉድጓድ፣ በድብቅ የተከፈተ ቀዳዳ። የአንድ ቀን ደቦ ብዙውን ይመልሳል። ይህን ሳያደርጉ ተራ መቁረጥ የቦዩን ጥፋት ገበሬ ላይ መጫን ነው።

ሦስት ተራ፣ አስቀድሞ የተጻፈ

30 ጥማድ የሚያጠጣ ቦይ እንውሰድ፤ ጥማዱን በሩብ ሄክታር ግድም እንቁጠረው። አንድ ጥማድ 40 ሚሊ ሜትር ውሃ እንዲያገኝ 100 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። በርሜሉ በ40 ሰከንድ ሲሞላ ይህ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ሌሊትም ከተጠጣ ዙሩ በ7 ቀን ይዘጋል። ይህ አንደኛው ተራ ነው።

በ67 ሰከንድ ሲሞላ ያንኑ 40 ሚሊ ሜትር ልስጥ ቢሉ ዙሩ ወደ 12 ቀን ይረዝማል። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ስለሆነ ይህን አይችልም። ስለዚህ መጠኑ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይውረድ፤ ለጥማድ 62 ሜትር ኩብ ተኩል ማለት ነው። አንዱ ጥማድ 6 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይጠጣል፤ ዙሩም ከሳምንት ብዙ አያልፍም። ይህ ሁለተኛው ተራ ነው። በቀጭን ውሃ አራት ትልም አንድ ላይ ከተከፈተ ግን ውሃው ራስጌው ላይ ሰርጎ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ሁለት ትልም ብቻ ይከፈት፤ ረጅሙ ትልምም መሐል ላይ ይቆረጥ።

በ100 ሰከንድ ሲሞላ መጠን መቀነስ አያዋጣም፤ መሬት መተው ግድ ነው። ሦስት ጥማድ ያለው አንዱን ይተዋል፤ የቀረው 20 ጥማድ በ25 ሚሊ ሜትር እንደገና በሳምንት ግድም ይዳረሳል። ይህ ሦስተኛው ተራ ነው። የትኛውን እንደሚተው ባለማሳው ይምረጥ። አበባ ላይ ያለ ቲማቲምና ራስ የሚቋጥር ሽንኩርት አይተው፤ ገና ራስ ለማውጣት ያልደረሰ ማሽላ አንድ ተራ ቢዘለው ይችላል። ግማሽ ጥማድ ብቻ ያለው ሰው ከቅነሳው ነፃ ይሁን። በእኛ እምነት ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ሦስቱም ተራዎች ከነሰከንዳቸው ኅዳር ላይ በጉባኤ ጸድቀው ይፈረሙ። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የተቋቋመ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ካለ በውስጥ ደንቡ ይግቡ። በችግር ሰዓት የወጣ ደንብ ሁልጊዜ አንዱን ለመጥቀም የወጣ ይመስላል።

የራስ ድርሻ

ሦስተኛው ተራ ሲታወጅ መጀመሪያ የሚተወው ጥማድ የውሃ አባቱ የራሱ ይሁን፤ በዚያው ቀን፣ ሰው እያየ። የወንድምዎና የአማችዎም ማሳ ቀጥሎ ይምጣ። ይህ ሳይሆን «ተቸገሩ» ማለት ጆሮ አያገኝም፤ ሌሊት ቦይ የሚሰብረው ሰውም የሚይዘው ሰበብ ይኸው ነው።

መዝገቡ ስም፣ ጥማድ፣ ሰብል፣ ውሃው የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ ወይም አሻራ ይያዝ። ባለተራው ራሱ ይፈርም። ሰዓት ያጎደሉት እርስዎ ከሆኑ የጎደለው ከራስዎ ተራ ተቆርጦ በሚቀጥለው ዙር ይመለስ፤ መዝገቡም ላይ ይጻፍ። ክርክሩ በእርስዎ ማሳ ወይም በዘመድዎ ላይ ከሆነ አይዳኙ፤ ለአበጋሮች (በወሎ ጠብ ለሚያስታርቁ አባቶች) ወይም ለአገር ሽማግሌዎች ይስጡ።

ዙሩን ሲያወጡ ማሳ እየዘለሉ አይስጡ፤ ደረቅ ቦይ በተነከረ ቁጥር ውሃ ይባክናል። ሁልጊዜ ከራስጌ መጀመርም አይገባም፤ ውሃው ዙሩ መሐል ከቀነሰ ሁሌ የሚጎዳው ግርጌው ነውና አንዱ ዙር ከላይ፣ ቀጣዩ ከታች ይነሳ። የዓርብ ቀትር ጁምዓ ላለበት አይድረሰው፣ የእሑድ ጠዋትም ለቅዳሴ ሰው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት እነዚህን ሰዓቶች ይለዋወጡ። በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት፣ በዓመት በዓልም ቀኑ እንዲሁ። ብቻዋን የምታርስ እናት የሌሊት ተራ ከደረሳት ካንዱ ጋር ታቀያይር፤ ይህን እርስዎ ቀድመው ይጠይቁላት።

በልጉ ሲጥል ወዲያው ወደ አንደኛው ተራ አይመለሱ። አንድ ዝናብ ወንዙን ለሁለት ቀን ሞልቶ ይሄዳል። በርሜሉ በሦስት ተከታታይ ልኬት በ40 ሰከንድ ሲሞላ ይመለሱ። ደራሽ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጠለፋውን የሚዘጋ አንድ ሰውና አንድ ተተኪ በስም ይመደቡ፤ ካልተዘጋ በአንድ ሌሊት የሚገባው ደለል የሳምንት ጠረጋ ነው። ተመዳቢው መቅረት ካለበት ለተተኪው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይንገር፤ ተተኪውም ከሌለ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት።