የበርና የመስኮት ቀለም አልገጥም ሲላችሁ፦ መንስኤውና መፍትሄው

ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ "ኧረ ይሄ እኔ የመረጥኩት አይደለም!" የሚል ሰው በጣም ብዙ ነው፣ እኔም በርና መስኮት በምቀባበት ቤት ሁሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጣሳው ውስጥ ያለው ቀለም ልክ ነው። ቀለም ብቻውን አይታይም እኮ፣ የሚያርፍበት ብርሃን አለ፣ አጠገቡ ያለ ሌላ ቀለም አለ፣ ደግሞ ማብለጭለጩ አለ፣ ከነዚህ አንዱ ሲቀየር ያው ቀለም ሌላ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሌላ ጣሳ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ምልክቱን እዩና ከየት እንደመጣ ለዩ፣ አለዚያ ሁለተኛውም ቀለም እንደዛው ነው የሚሆንባችሁ።

ሱቅ ውስጥ አምሮ ቤት ሲገባ ተቀየረ

እዚህ ጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራቱ ነው። የአምፖሉን ካርቶን ብታዩት በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለው፣ 2700 የሚለው ቢጫ የሚያደላ ነው፣ 6500 የሚለው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ነጭ። ሱቁ በ6500 አብርቶ እናንተ ቤት 2700 ከሆነ ክሬሙ ቅቤ ይመስላል፣ ሰማያዊ ያለበት ግራጫ ደግሞ ድብዝዝ ይላል። ከዚህም የባሰ አለ፣ ሁለት ቀለሞች ከተለያየ ማቅለሚያ ተበጥብጠው አንዱ መብራት ስር ቁርጥ አንድ አይነት ሆነው ሌላው ስር ሲገቡ ይለያያሉ፣ "አሮጌው በር ላይ አስጠግቼ አይቼው ነበር እኮ" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸወዱት በዚህ ነው።

መፍትሄው፦ የደብተር ገጽ የሚያህል ጣውላ ወይ ካርቶን ነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ) ቀቡና በላዩ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ደርቡበት፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ ምክንያቱም ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ እያለ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ከዛ በሩ ወይ መስኮቱ ካለበት ቦታ ላይ አቁሙት። አቁሙት ነው ያልኩት፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አትዩት፣ በር ቆሞ ነው የሚኖረው፣ የተኛ ነገር ላይ ብርሃን ሌላ አይነት ነው የሚያርፈው። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት በርቶ እዩት፣ ሶስቱንም ካለፈ ግዙት።

በሩና መስኮቱ አንድ ጣሳ ተቀብተው መስኮቱ ጠቆረ

ይሄ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ቀለሙ ተሸውዶ የተሸጠለት ነው የሚመስለው። እስቲ ቀትር ላይ ክፍሉ መሃል ቁሙና መስኮቱን እዩት። ከፍሬሙ ጀርባ ሰማዩ እያበራ ነው፣ ዓይናችን ደግሞ የሚስተካከለው ለዛ ለሚያበራው ነው፣ ወደኛ የዞረው የፍሬሙ ፊት ግን ጥላ ውስጥ ነው ያለው፣ ከክፍሉ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ብቻ ነው የሚያገኘው። ከመስኮቱ ትይዩ ያለ በር ደግሞ ብርሃኑን ፊት ለፊት ይቀበላል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አንድ ነጭ ወረቀት ፍሬሙ ላይ ለጥፉና ራቅ ብላችሁ እዩት፣ ወረቀቱ ራሱ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ማታ ደግሞ መጋረጃውን ዘግታችሁ መብራት አብሩና በሩንና መስኮቱን አወዳድሩ፣ ያኔ ከተመሳሰሉ ቀለሙ ምንም አልሆነም ማለት ነው።

እኔ የማደርገው የመስኮቱን የውስጥ ገጽታ ከበሩ ትንሽ ማንጣት ነው። ያንኑ የበሩን ቀለም ከዛው አይነት ነጭ ጋር (ዘይት ከሆነ ከዘይት፣ ፕላስቲክ ከሆነ ከፕላስቲክ) አቀላቅላችሁ ሞክሩ፣ መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዛ እያያችሁ ጨምሩ። ፍሬሙን መንካት ካልፈለጋችሁ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን የግድግዳ ውፍረት ነጭ ቀቡት፣ ከውጪ የሚገባው ብርሃን እዛ ላይ ይመታና ከሰማዩ ወደ ፍሬሙ ያለው ዝላይ ይለዝባል። ጥቁር ወይ ቸኮሌት ፍሬም ደስ የሚላችሁ ከሆነ ግን አትፍሩ፣ በደንብ አጥቁሩት፣ ዓይን የሚያስቸግረው ታስቦበት የተቀባ የማይመስለው መሃል ሰፋሪው ነው።

ነጩ የቆሸሸ መሰለ

ታጥቦም አይለቅም፣ ምክንያቱም ቆሻሻ አይደለም። ነጭ የሚባለው ቀለም አብዛኛው ጊዜ ውስጡ ትንሽ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ አለበት፣ ለብቻው ሲሆን አይታወቅም፣ ሌላ ነጭ አጠገቡ ሲመጣ ነው የሚጋለጠው። ሚሼል ኡዤን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1824 እ.ኤ.አ. የፓሪሱ ጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ሃላፊ ሆኖ ሲገባ የጠበቀው አቤቱታ ይሄንኑ ይመስላል፣ ጥቁሩ ክር ደካማ ነው ይሉት ነበር፣ ሲመረምረው ክሩ ደህና ነው፣ አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይንጠጅ ነው ያደከመው። በ1839 ያሳተመው ጥናቱ የተነሳው ከዚህ ነው። የናንተም ክሬም በር ጤነኛ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ከሚሄድ ነጭ ግድግዳ ጋር ስላጎራበታችሁት ነው ያረጀ የሚመስለው።

ስለዚህ ናሙናውን ንጹህ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እዩ፣ ውስጡ ያለው ቀለም ወዲያው ይወጣል። ከዛ ወይ በርና መስኮቱን ከግድግዳው ጋር አንድ ነጭ አድርጉ፣ ወይ ልዩነቱን አስፉት፣ ግድግዳውን ግራጫ ወይ ሌላ ቀለም ስታደርጉት በሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መስኮቱ ከፋብሪካ ተቀብቶ የመጣ አሉሚኒየም ከሆነ ግን በዓይን ለማመሳሰል አትድከሙ፣ ኮዱን ጠይቁ። ራል በሚባለው በ1927 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ በተጀመረው የቀለም መለያ 9010ም 9016ም ነጭ ናቸው፣ ግን የመጀመሪያው ሞቅ ያለ ነው፣ ሁለተኛው ቀዝቀዝ ያለ፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያስታውቃሉ።

ነጭ የነበረው በር እያደር ቢጫ ሆነ

የዘይት ቀለም ነው አይደል? ብርሃን ያጣ የዘይት ቀለም ቢጫ ይሆናል። እናቴ ክፍል በር ላይ ለዓመታት የተሰቀለ ካሌንደር ነበር፣ አንድ ቀን ሳወርደው ከስሩ ቁልጭ ያለ አራት ማዕዘን ቢጫ ወጣ፣ ዙሪያው ነጭ እንደሆነ ነው። በሩን ለብርሃን ገልጣችሁ ብታቆዩት ትንሽ ይመለሳል። ጨለማ ኮሪደርና ቁምሳጥን አካባቢ ግን ከመጀመሪያው በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ኢናሜል ብትቀቡ ነው የሚሻለው። ብቻ አሮጌው ዘይት ላይ ዝም ብላችሁ አትደርቡበት፣ መብረቅረቁ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አቧራውን ጥረጉና የሚይዝ ፕራይመር ቀቡ፣ አለዚያ በጥፍር እንደ ላስቲክ ተልጦ ይነሳል።

የቀለሙ ቁጥር አንድ፣ መልኩ ሁለት

አንዱ ግሎስ (የሚያብለጨልጭ) ሌላው ማት (የማያብለጨልጭ) ከሆነ በቃ አይመሳሰሉም። የሚያብለጨልጨው ጠለቅ ብሎ ይታያል፣ ማቱ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነጣ ይላል። በርና መስኮት እጅ የሚበዛበት ስለሆነ እኔ ሁለቱንም ሳቲን፣ ማለትም በግሎስና በማት መሃል ያለውን አደርጋለሁ፣ ግሎስ ደግሞ የስቱኮውን ጎርባጣ ሁሉ ያጋልጣል። ማብለጭለጩም አንድ ከሆነ ጣሳዎቹ በተለያየ ቀን የተበጠበጡ ይሆናሉ፣ ሁሉንም በትልቅ ባልዲ ገልብጣችሁ አዋህዱና ከዛ ጀምሩ።

ቀዩ በር አልሸፍን አለ፣ ከሸፈነም ደበዘዘ

ደማቅ ቀይና ቢጫ የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ነው፣ ነጭ ላይ ከሆነ አራት ጊዜም ደርባችሁ ሊያሳይ ይችላል። ከቀዩ ስር ግራጫ ፕራይመር አድርጉ። መደብዘዙ ደግሞ የጸሐይ ነው፣ ለውጪ በር ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቀለሞች፣ ማለትም የሸክላ ቀዩ፣ ቡኒውና አፈርማው ቢጫ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ከሰዓት ጸሐይ ፊት ለፊት የሚመታውን በር ጥቁር ስትቀቡ ግን አስቡበት፣ ጥቁር ሙቀት ይስባል፣ የጥድ እንጨት ከሆነ ከጉጡ ሙጫ ይወጣል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ሊጣመምም ይችላል።

በሩ ሁለት ክፍል ሁለት ቀለም ሆኖ ጠርዙ አስጠላ

በሩን ክፈቱና በሁለቱም ክፍል ተራ በተራ ቁሙ። በሩ ወደሚከፈትበት ክፍል የሚታየው የቁልፉ ጠርዝ ነው፣ እሱን የዛን ክፍል ቀለም ቀቡት። የማጠፊያው ጠርዝ የሚታየው ከሌላኛው ክፍል ስለሆነ የዛኛውን ይውሰድ። መለያያ መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ያዙና ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱት።