የሶቪየት አየር ወለድ ክፍለ ጦርን የጦርነት ጉዞ ስትከታተሉ ቁጥሩን አትመኑ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋን የሶቪየት ክፍለ ጦር ስትከታተሉ መጀመሪያ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 13ኛውን ውሰዱ። 13ኛው የግቫርዲያ እግረኛ ክፍለ ጦር መነሻው 3ኛው አየር ወለድ ኮር ነው፤ ኮሩ በ1941 ኪየቭ ላይ ተዋጋ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ 87ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሆነ፣ በጃንዋሪ 1942 የግቫርዲያ ማዕረግ አገኘ። በሴፕቴምበር 1942 ጄኔራል ሮዲምትሴቭ እየመራው ቮልጋን ተሻግሮ ስታሊንግራድ የገባው ይኸው ነው። 13ኛው የግቫርዲያ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ግን ሌላ ነው፤ በጃንዋሪ 1944 98ኛ የግቫርዲያ እግረኛ ተባለ። ቁጥሩ ለአዲስ ክፍል ተሰጥቶ በዓመቱ መጨረሻ ያም 103ኛ ሆነ። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ጦር። (ግቫርዲያን ከክብር ዘበኛ ጋር አታምታቱት፤ በጦር ሜዳ ለታየ ብቃት የሚሰጥ ማዕረግ ነው እንጂ ቤተ መንግሥት አይጠብቅም። ለአየር ወለዶች ግን ብዙ ጊዜ ሲቋቋሙ ነው የተሰጣቸው።)

ስለዚህ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አስምሩ፦ ቀን፣ ስም፣ የበላይ ጦር፣ አዛዥ። ከአራቱ አንዱ በተለወጠ ቁጥር አዲስ መስመር ጀምሩ። ለ9ኛው የግቫርዲያ አየር ወለድ ብትሠሩት መስመሮቹ በዲሴምበር 1942 ይጀምራሉ። በጁላይ 1943 በጄኔራል ዣዶቭ 5ኛ የግቫርዲያ ጦር ሥር፣ በኩርስክ ዘመቻ ታላቁ የታንክ ውጊያ በተካሄደበት በፕሮኾሮቭካ ታገኙታላችሁ፤ አዛዡ ኮሎኔል ሳዞኖቭ፣ በሥሩ ያሉት ሬጅመንቶች 23ኛ፣ 26ኛና 28ኛ ናቸው። የሬጅመንት ቁጥር ከክፍለ ጦር ቁጥር ይልቅ ይታመናል፤ ስትጠራጠሩ በእሱ አመሳክሩ። «የፖልታቫ» የሚለው የክብር ስም ግን መለያ አይሆንም፤ 9ኛው አየር ወለድም 13ኛው እግረኛም ተሸልመውታል።

«አየር ወለድ» ተብሏል ማለት በፓራሹት ወርዷል ማለት አይደለም። በ1942 በጋ አሥር ኮሮች ከ32ኛ እስከ 41ኛ የግቫርዲያ እግረኛ ክፍለ ጦሮች ሆነው በእግራቸው ተዋጉ። በሴፕቴምበር 1943 ዲኒፐር ወንዝ አካባቢ በፓራሹት የተጣሉት 3ኛውና 5ኛው ብርጌዶች ናቸው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጦር ዘሎ ወረደ የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ብርጌድ እንዳይሆን አጣሩ።

ወደ ሰነድ ስትገቡ፣ በሩሲያ ፖዶልስክ ከተማ ካለው የጦር ቤተ መዛግብት የተቃኙት ብዙዎቹ «ፓምያት ናሮዳ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። ፍለጋው በሲሪሊክ (በሩሲያኛ) ፊደልና በአኅጽሮት ነው። ከእያንዳንዱ ቅጂ ፎንድ (ክምችት)፣ ኦፒስ (ዝርዝር)፣ ዴሎ (ፋይል)ና ሊስት (ቅጠል) የሚሉትን አራት ቁጥሮች ወዲያው መዝግቡ፤ አንዱ ከጎደለ ገጹን መልሶ ማግኘት ጣጣ ነው። የውጊያ መዝገቡ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ተስተካክሎ የተጻፈ ነው፤ በዕለቱ የተላኩት አጫጭር ሪፖርቶች ግን ድንጋጤውንም ይዘዋል። የሽልማት ማመልከቻ ላይ የሰፈረን የተቃጠለ ታንክ ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ፤ ጸሐፊው የሚሟገተው ለኒሻን ነው። የጉዳት ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ የማይመለሱትን (የሞቱ፣ የጠፉና የተማረኩ) እና የቆሰሉትን ለየብቻ ያዙ። ሁለቱን ደምሮ «ሞቱ» ማለት የተለመደ ጥፋት ነው።

ቦታ በመንደር ስም ብቻ አይታወቅም፤ ኦክቲያብርስኪ የሚባል የትየለሌ ነው። ፕሮኾሮቭካ አጠገብ ያለውን የመንግሥት እርሻ የሚለይላችሁ ጎኑ ያለው ኮረብታ 252.2 ነው። ይህ ቁጥር የከፍታው ሜትር ስለሆነ በጀርመንም በሶቪየትም ካርታ ላይ ትፈልጉታላችሁ። 1፡50,000 ካርታ ካገኛችሁ 1 ሴንቲ ሜትሩ 500 ሜትር ነው፤ የሻለቃ ቦታ ለማስቀመጥ ይበቃል።

ሰዓት ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። የጦርነቱ ዘመን የሞስኮ ሰዓት ከአዲስ አበባ የዛሬ ሰዓት ጋር እኩል ነው፤ ወደ እኛ የሰዓት አቆጣጠር ለመመለስ ስድስት መቀነስ ብቻ ነው። ጁላይ 12 ቀን 8፡30 ላይ የተጀመረው የታንክ ጥቃት ከጠዋቱ 2፡30 ነበር። የጀርመን ሰነድ እንደ ወቅቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሳታስተካክሉ ብታነጻጽሩ ተከላካዩ ከጥቃቱ በፊት የሸሸ ይመስላችኋል።

ቀኑን ወደ እኛ ስትመልሱ ጁላይ 12 ቀን 1943 ሐምሌ 5 ቀን 1935 ይሆናል። ፖልታቫ ነፃ የወጣችበት ሴፕቴምበር 23 ግን መስከረም 12 ቀን 1936 ነው እንጂ 13 አይደለም፤ 1935 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት።