የሽንኩርት ፓኮራ ለፍልሰታ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር ስንኖር ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ህንዳዊት ነበረች። ባሏ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እኛ ልጆቹ «አንቲ» ነበር የምንላት። ክረምት ገብቶ ዶፉ ሲወርድ ከኩሽናዋ የዘይት ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ቆይታ በሰሃን ፓኮራ፣ ማለትም በሽምብራ ሊጥ ተለውሶ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ይዛ በራችንን ታንኳኳለች። በሀገሯ ዝናብ ሲመጣ ሻይና ፓኮራ አይለያዩም። እናቴ ጾም መሆኑን ስትነግራት፣ «ሽምብራና ሽንኩርት እኮ ነው፤ ቅቤ የለውም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቤታችን ፓኮራ ጠፍቶ አያውቅም።

ዋናው ዱቄቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት በሽሮ ነበር። ውስጡ ሳይበስል ላዩ ጠቆረ። ሽሮ የተቆላ ነው፤ በርበሬም ስላለበት ዘይት ላይ ቶሎ ያርራል። ህንዶች ቤሰን የሚሉት ካልተቆላ የሽምብራ ክክ የሚፈጭ ነው። ያ ትንሹ ቡናማ የደምቢያ ሽምብራ ለዚህ ግሩም ነው። ዝናቡ ሳይጠና ቅዳሜ ገበያ ግዙ፣ ከክታችሁ ገለባውን አንፍሱ፣ ፀሐይ አስመቱት። ከዚያ አልሞ ይፈጭ። በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ግን እንዳታስፈጩ።

ሌላው ነጭ አዝሙድ ነው። ህንዶች አጅዋይን ይሉታል። አንቲ እናቴ ጓዳ ብልቃጡን ከፍታ ስታሸት ፊቷ በራ። ከሀገሯ ማስላክ ቀረላት። መዳፏ ላይ ቆንጠር አድርጋ በአውራ ጣቷ እሽት እሽት ታደርገዋለች፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሳይታሽ ከገባ ጣዕሙ አይወጣም።

ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በቁመቱ ስስ አድርጋችሁ ክተፉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ በእጃችሁ አሹት፤ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ውሃውን ራሱ ያወጣል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ የዚያኑ ያህል እርድ፣ ሁለት የተከተፈ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ጨምሩ። ከዚያ በሻይ ብርጭቆ ሁለት የሽምብራ ዱቄትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ጥቂት በጥቂት። ሩዙ ኩርሽም እንዲል ያደርገዋል። ውሃ ለመጨመር አትቸኩሉ፤ ካልያዘ ብቻ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሊጡ ሽንኩርቱን ያልብሰው እንጂ አይቅበረው።

ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የሊጥ ጠብታ ጣሉ። ወርዶ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተነሳ ደርሷል። እንደወደቀ ከጠቆረ ከሰሉን ቀነስ አድርጉ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እንዲህ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ላዩ ይደርስና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ቁራጩም ትንሽ። በጣታችሁ በተን አድርጋችሁ ጣሉት፤ ድብልብል አታድርጉት። ድስቱንም አታጨናንቁ። ገና ወርቃማ ሳይሆን አውጡና አምስት ደቂቃ አሳርፉት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ይበልጥ በጋለ ዘይት መልሳችሁ ጥበሱት። እኔ ይህን ሁለተኛ ጥብስ ካልሠራሁ ፓኮራ ሠራሁ አልልም።

ማባያው ቀላል ነው፦ የድንብላል ቅጠል፣ ናና፣ ቃሪያ፣ ጨውና ሎሚ አብሮ መፍጨት።

ዱቄት ከተረፋችሁ በሌላ ቀን በውሃ ቀጠን አድርጋችሁ በስሱ የተቆረጠ ድንች እየነከራችሁ ጥበሱ፤ ልጆች ይወዱታል።

የወጣውን ወንፊት ላይ አድርጉት እንጂ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። ለጎረቤት ስትወስዱም እንዲሁ። አንቲ በዚያ ዶፍ ሰሃኑን ሳትከድን ጃንጥላዋን እሱ ላይ አዘንብላ ነበር የምታመጣልን፤ በር ስንከፍት ትከሻዋ በስብሶ ፓኮራው ግን ኩርሽም ይላል።