ጀማሪ ንብ አናቢ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንብ ማነብ ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀፎ ዋጋ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ፦ ይህ ቀፎ ሌላ ምን ያስገዛኛል? ባሕር ዳርና ጣና ዳር አበባ ሞልቷል። ጀማሪን የሚጎዳው የአበባ እጥረት ሳይሆን የጥድፊያ ግዢ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ባለ ፍሬሙን ዘመናዊ ቀፎ ቀድሞ መግዛት ነው። ፍሬም ማለት ንቡ የማር እንጀራውን የሚሠራበት፣ ከቀፎው የሚወጣና የሚገባ የእንጨት ማዕቀፍ ነው። ቀፎው ጥሩ ነው፤ በደንብ ከያዙት ብዙ ማር ይሰጣል። ግን ብቻውን አይሠራም። ለየፍሬሙ ሽቦና በማተሚያ የወጣ ስስ ሰም ይፈልጋል። ማሩ ሲደርስ ደግሞ እንጀራውን ሳይሰብር አሽከርክሮ የሚያወጣ ማሽን ያስፈልጋል። ሁለት ቀፎ ላለው ሰው ይህን ሁሉ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ማሽን የሚያውሳችሁ የአናቢዎች ማኅበር በቅርብ ካለ እሺ። ከሌለ በሽግግር ቀፎ ጀምሩ፤ ይህ ፍሬም የሌለው፣ ንቡ እንጀራውን ከላይ በተደረደሩ እንጨቶች ላይ አንጠልጥሎ የሚሠራበት ቀፎ ነው። ከጨፈቃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ማሩም በቢላ ተቆርጦ ይጣራል። ማሽን የለ፣ ጣጣ የለ።

ሁለተኛው የልኬት ስህተት ነው። ብዙ ሰው ንቄ ላልፈው የሚለው ይህንን ነው፤ እባካችሁ አትለፉት። በሽግግር ቀፎ ላይ የሚደረደሩት እንጨቶች ለእኛ ንብ ስፋታቸው 3.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአውሮፓ ንብ 3.5 ገደማ ይሆናል፤ የእኛዋ አነስ ትላለች። አናጢው ከውጭ አገር ቪዲዮ ልኬት ከወሰደ እንጀራው ቀስ በቀስ ከመስመር ይወጣና ሁለት ሦስት እንጨት ላይ ተጋድሞ ይሠራል። ያኔ አንዱን ላንሳ ስትሉ ጎረቤቱም አብሮ ይነሳል። እንጀራው ይቀደዳል፣ ማሩ በእንጀራው ውስጥ ባለው እጭ (ገና ባላደገው ንብ) ላይ ይፈሳል፣ ንቡ ይቆጣል። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ አናጢው ዘንድ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ለኩ። ከዚያ በየእንጨቱ ሥር፣ መሃል ለመሃል፣ የቀለጠ ሰም በቀጭኑ አስምሩ። ንቡ ሥራ የሚጀምረው ያንን መስመር ተከትሎ ነው።

ባለ ፍሬም የገዛችሁም ዛንደርና ላንግስትሮት የሚባሉትን ሁለት የቀፎ ዓይነቶች አትቀላቅሉ። ፍሬማቸው አይገጣጠምም።

በአንድ መንጋ ብቻ መጀመርም አይመከርም። ሁለት ይሁን። አንዱ ንግሥቱን ቢያጣ ከሌላው እንቁላል ያለበትን እንጀራ አንስታችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ሠራተኞቹ ከዚያ አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። ንግሥት ከእንቁላል እስክትወጣ 16 ቀን ይፈጅባታል። ይህ የሚሆነው ግን የሁለቱ ቀፎ ልክ አንድ ከሆነ ነው። አሥር ቀፎ በአንዴ መደርደር ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ ማን ሊጠብቀው?

ጊዜም አለው። መንጋ የሚወጣው ክረምቱ አልፎ አደይ አበባና ኑግ ሲያብብ ነው። ቀፎው ከዚያ በፊት ታጥኖ፣ ሰም ተቀብቶ ዛፍ ላይ መሰቀል አለበት። በኅዳር ቀፎ ገዝቶ መንጋ የሚጠብቅ ሰው ዓመቱን በከንቱ ያሳልፋል።

ቦታ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ባሕር ዳር ዙሪያ የጫት ማሳ ብዙ ነው፤ ጫት ላይ ደግሞ ፀረ ተባይ ይረጫል። ቀፎ ከማስቀመጣችሁ በፊት ጎረቤታችሁን «ወንድሜ፣ መቼ መቼ ነው የምትረጨው?» ብላችሁ ጠይቁት። አመሻሽ ላይ፣ ንቡ ከገባ በኋላ እንዲረጭ ለምኑት። እምቢ ካለ ቦታ ቀይሩ። የመንገድ ዳርና የከብት መዋያም አይሆንም። መንጋ ገብቶ ቀፎው ከዛፍ ወርዶ መቆሚያ ላይ ሲቀመጥ የመቆሚያውን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ጉንዳን መንጋውን ለመጨረስ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ቀፎ በቀትር አትክፈቱ። የእኛ ንብ ቁጡ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ጭስ አስቀድማችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ክፈቱ።

የመጨረሻው ስህተት ማሩን ጠራርጎ መቁረጥ ነው። በኅዳር ቀፎው ሞልቶ ሲታይ እጅ ያጓጓል። በሰም የተከደነውን ብቻ ቁረጡ፤ እጭ አጠገብ ያሉትን እንጀራዎች ተዉላቸው። ከበጋው ድርቀት በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣል፤ ዝናቡ ንቡን ከቤት አያስወጣውም። ምግብ ያጣ መንጋ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል።