የድመት ሳፋ ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ደሴ ሆነና አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ ባዶው በርሜል ላይ እንደ ከበሮ ይወርዳል። ይህን ያነሳሁት የድመቴን የውሮን መጸዳጃ ሳፋ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከዚያ በርሜል ጎን ስለነበር ነው። ጥጉ ለእኔ የሚመች ነበር፤ ከእንግዳ ዓይን የራቀ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ለማጠብ ቅርብ። ሦስት ቀን በሰላም ተጠቀመችበት። በአራተኛው ሌሊት ሳፋው ውስጥ ቁጢጥ እንዳለች ውኃው መጣ። ቀሪውን ገምቱት። ሰጋቱራው እስከ አልጋዬ ድረስ ተበትኗል፣ ድመቷ ቁምሳጥን ሥር ገብታለች። ከዚያ ወዲያ ሳፋውን ዞር ብላም አላየችው። የሳሎኑን ምንጣፍ መረጠች።

እኔም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያልኩ ስማረር፣ ቡና ልጠጣ የሄድኩባቸው ጎረቤቴ እማማ ቶናውን እየቀዱ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አንቺስ ሽንት ቤት ተቀምጠሽ በሩን ቢደበድቡብሽ ትመለሻለሽ?»

ነገሩ ይኸው ነው። እኛ ሳፋ የምናስቀምጥበትን ቦታ ስንመርጥ የምናስበው ስለ እንግዳና ስለ ሽታ ነው። ድመቷ የምታስበው ግን ሌላ ነው። ቁጢጥ እንዳለች አንድ ነገር ቢመጣባት ታየዋለች ወይ? የምታመልጥበት መንገድስ አላት? አይጥ አዳኝ ብትሆንም ውሻም ሆነ ትልልቅ አውሬ ለእሷም አዳኝ ነው፤ በምትጸዳዳበት ሰዓት ደግሞ መከላከያ የላትም። ስለዚህ ቦታውን በእሷ ሂሳብ እንምረጥ።

1. ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ተመልከቷት

የት ትተኛለች? በየት በኩል ትመላለሳለች? የት ነው የምትበላው? ቀድማ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ አበላሽታ ከሆነ ደግሞ አትቆጧት፤ ግማሹን ሥራ ሠርታላችኋለች። መጀመሪያ ሳፋውን እዚያው እሷ የመረጠችው ቦታ ላይ አስቀምጡት። የማይመች ቢሆንም ለጊዜው ቻሉት። ኋላ ቀስ እያላችሁ ታርቁታላችሁ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

አዲስ የመጣች ከሆነች ቤቱን በሙሉ አትልቀቁላት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ክፍል ይበቃታል። ምግቧ በአንዱ ጥግ፣ ሳፋው በተቃራኒው ጥግ ይሁን።

2. የማይሆኑትን ቦታዎች ሰርዙ

ከምግብና ከውኃዋ ጎን አይሆንም። ድመት በምትበላበት አትጸዳዳም። ክፍሉ ጠባብ ቢሆን እንኳ አንዱን ጫፍ ለዚህ፣ ሌላውን ጫፍ ለዚያ አድርጉ።

ድንገት የሚጮህ ነገር ካለበት አይሆንም። በርሜሉን ነግሬያችኋለሁ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የውኃ ፓምፕ፣ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ ፍሪጅ ያው ናቸው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ የነሐሴ በረዶ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ኮርኒስ ያለው ክፍል ካለ ይመረጣል።

አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ስርቻ አይሆንም፣ በተለይ ሕፃን ወይም ውሻ ያለበት ቤት ከሆነ። ሰዎች «ገለል ያለ ቦታ ትወዳለች» ሲባል ሰምተው ከጆንያ ጀርባ ይወሽቁታል። ገለል ማለትና መታፈን ግን ይለያያሉ። ሳፋው ውስጥ ሆና በሩን የምታይበት፣ አንዱ ቢዘጋባት በሌላው የምትወጣበት ቦታ ነው ጥሩው።

ዕጣን የሚጨስበት ጥግም አይሆንም። ወሎ ቤት ያለ ዕጣን ቡና እንደማይፈላ አውቃለሁ፤ ብቻ አፍንጫዋ ከእኛ በብዙ እጥፍ የሚያሸት ፍጡር በጭስ መሃል ተጸዳጂ ማለት ግፍ ነው። ከረከቦቱም ከማጨሻውም አርቁት። ለእንግዶቹም ሲባል።

አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ የሚሰገድበት ቦታ። በእስልምና ድመት ራሷ ነጃሳ አይደለችም፣ እንደ ልቧ ቤት ውስጥ ትዞራለች። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን ነጃሳ ነው። ከሳፋው ስትወጣ ሰጋቱራ በእግሯ ይዛ ስለምትሄድ፣ መንገዷ በመስገጃው ላይ እንዳያልፍ አድርጉ። ሥዕለ አድኅኖ ያለበት የጸሎት ጥግም ያው ነው። እኛ ቤት ሁለቱም ስላለ ለሳፋው የቀረልን ቦታ ከሌላው ቤት አንሶ ነበር።

3. ከቀሩት ምረጡ

አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። አብሽሩ፣ አንድ ክፍልም ይበቃል። ሶፋውን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ያህል ሳብ አድርጉትና ሳፋውን ከጀርባው አስገቡት፤ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ሥርም ይሆናል፣ ጨርቁ በሁለት በኩል ከፍ ካለ። አልጋ ሥር ግን አልመክርም። ለማጽዳት መንበርከክ ይሰለቻል፣ የሰለቸ ሰው ደግሞ አያጸዳም።

ሻወር ቤት ያለው ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ ምርጡ እሱ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። በሩ በንፋስ እንዳይዘጋባት ድንጋይ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ጣሉበት። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሳፋውን ጡብ ላይ አውጡት።

በረንዳ? ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ሊሠራ ይችላል፣ ጥላ ካለው። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጦሳ የሚወርደው የኅዳር ሌሊት ብርድ እኔን እንኳ ሽንት ቤት ከመሄድ ያስቀረኛል። ድመቷም እንደኔው ናት፤ ምንጣፉ ይሞቃል።

ከአንድ በላይ ድመት ካላችሁ የሳፋው ቁጥር ከድመቶቹ በአንድ ቢበልጥ ይመከራል። ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለቱን በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ጎን ለጎን ከሆኑ ጉልበተኛዋ አንድ ቦታ ተኝታ ሁለቱንም ትዘጋቸዋለች።

4. ሳፋውና የሚሞላበት ነገር

የሳፋው ርዝመት ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ካለው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ ቆርጦ ይጠቀማል። ለግልገል ይሆናል፤ ጠርዙ ዝቅ ያለና ያልሾለ ከሆነ በተለይ። ለትልቅ ድመት ግን ጠባብ ነው። ሰፋ ያለ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይሻላታል። መግቢያው ከፍ ካለባት አንዱን ጎን በቢላዋ ዝቅ አድርጉላት።

ሰጋቱራ ከእንጨት ሥራ ቤት በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይገኛል። የተነፋ አሸዋም ይሆናል፣ ግን ይከብዳል። ውፍረቱ ሦስት ጣት ያህል ይበቃል። አመድ ብቻውን አልመክርም። ሲረጥብ እግሯ ላይ ይለጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውስጡ ያልጠፋ ፍምም ሊኖር ይችላል። ከሳፋው ፊት አሮጌ ጆንያ አንጥፉ፤ ግማሹ ሰጋቱራ እዚያ ይቀራል።

5. የምታጸዱት እናንተ መሆናችሁን አትርሱ

በየቀኑ ቆሻሻው ይነሳ። ኮምቦልቻና ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ስለሚያከረፋው ጠዋትና ማታ ቢሆን ይሻላል። ሳፋውን በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡ። በረኪና ተዉት። ሽታው ያሸሻታል፣ ከሽንት ጋር ሲደባለቅ የሚወጣው ጋዝም ለእናንተው ጎጂ ነው። ቆሻሻውን በፌስታል ቋጥሮ መጣል እንጂ ጎመን መደብ ላይ መድፋት የለም።

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሳፋውን ሌላ ሰው ያጽዳ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ሊወጣ ይችላል፤ ጽንስን ይጎዳል። ተውሳኩ ከወጣ በኋላ ሰው ላይ የሚተላለፍበት ደረጃ ለመድረስ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በየቀኑ ማጽዳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የግድ ራሷ የምታጸዳ ከሆነ ጓንት ታድርግ፣ ከዚያ እጇን በሳሙና ትታጠብ። በነገራችን ላይ ይህ ተውሳክ ከጥሬ ሥጋም ይመጣል፤ ድመቷን አባርሮ ጥሬ ክትፎ መብላት ነገሩን አይፈታውም።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ወንድ ድመት ሳፋው ውስጥ እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ሽንት ግን ጠብ የማይለው ከሆነ ጉዳዩ የቦታ አይደለም። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ ይገድላል። ነገ ሳትሉ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

6. ማዛወር ካስፈለገ በቀን አንድ ስንዝር

ዛሬ ሳሎን የነበረን ሳፋ ነገ ጓሮ ብትወስዱት ድመቷ ነገም ሳሎን ትመጣለች። ስለዚህ በቀን አንድ ስንዝር ብቻ አንቀሳቅሱት። ከለመደችው መንገድ ሳይወጣ ይሂድ። አንድ ቀን ካልተጠቀመችበት ወደ ትላንትናው ቦታ መልሱት፣ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡና እንደገና ሞክሩ። ባበላሸችበት ቦታ ላይ አፍንጫዋን ማሸት፣ መምታት፣ መጮህ አይጠቅምም። ከዚያ የምትማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው።

የእኔዋ እንዲህ ሆነች። ሳፋውን ከምንጣፉ አስነስቼ በየቀኑ አንድ ስንዝር ወደ ድሮው ጥግ ገፋሁት። ልብስ መስቀያውን አለፈች፣ መስታወቱን አለፈች፣ ሁሉም ሰላም ነበር። ኮሪደሩ ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ከዚያ ቦታ የበርሜሉ ጠርዝ ይታያል። ሳፋውን አየችው፣ በርሜሉን አየችው፣ ዞራ ወደ ምንጣፉ ተመለሰች። ሁለት ስንዝር መለስኩት። ወዲያው ገብታ ተጠቀመችበት።

አሁንም እዚያው ነው፣ ኮሪደሩ መሃል። እማማ ሲመጡ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በጎኑ ያልፋሉ። በዚያ ሰሞን «በርሜሉን ለምን አታነሺውም?» ብለውኛል። ውኃ የመጣ ሌሊት እነግርዎታለሁ አልኳቸው።