የክልል በጀት ሰንጠረዥ አልገጥም ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የክልል በጀትን ከዓመት ዓመት እያነጻጸራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ድምር ማመሳከርን፣ ሚሊዮንና ቢሊዮን መለየትን ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። የተበላሸ ሰንጠረዥ ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ብዙ ነው። ደጋግሜ የማገኘው ጥፋት ግን አንድ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ምልክት፦ እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነው፣ ታሪኩ ግን አይገጥምም

ግንባታው በተጧጧፈበት ዓመት የካፒታል ወጪው ዝቅ ብሎ ይታያል። ኑሮ በተወደደበት ዓመት የበጀቱ የመግዛት አቅም ያደገ ይመስላል። ከዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ጎን ስታስቀምጡት ደግሞ አንድ ረድፍ ቢንሸራተት ልክ ይመጣል።

ምክንያቱ የዓመት መንሸራተት ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ስሙን የሚወስደው ከሚያልቅበት ዓመት ነው። ስለዚህ የ2016 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ነው። የፌዴራሉ የ2016 በጀት የጸደቀው ከዚያም በፊት፣ ሰኔ 2015 ነው። የጸደቀበትን ቀን ብቻ ያየ ሰው ቁጥሩን 2015 ረድፍ ውስጥ ይከተዋል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ተበላሸ።

ፈረንጅኛው ሲጨመርበት ይብሳል። ይኸው 2016 በጀት ዓመት ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። የውጭ ተቋማት 2023/24 ብለው ይጽፉታል፤ አንዳንዴም 2024 ብቻ። «ሰባት ደምር» የሚለውን ልማድ የያዘ ሰው 2023 ያገኛል። ያ ደግሞ ለእነሱ የእኛ 2015 በጀት ዓመት ነው።

አንድ ወጣት ባለሙያ የጤና ዘርፍ ወጪን ተንትኖ አመጣልኝ። ድምዳሜው «የምንዛሪ ለውጡ በክልሉ የመድኃኒት ግዢ ላይ ለውጥ አላመጣም» ይላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ቀኑ 2016 ይላል፣ በጀት ዓመቱ ግን 2017 ነው! ልጁ ያየው ሰኔ 30 ቀን 2016 የተዘጋውን ሂሳብ ነበር። ለውጡ ሳይመጣ ውጤቱን ፈልጎ አጣ። ሪፖርቱ ለኃላፊዎች ሊላክ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ያንን ወረቀት ይዞ የመድኃኒት በጀት የሚቆርጥ ሰው ሊኖር እንደሚችል ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ሌላዋ ባለሙያ ደግሞ የነባሩን ደቡብ ክልል በጀት ስትከታተል ቆይታ ግራ ገባት። ከእሱ የወጡት ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች የተመሠረቱት ነሐሴ 2015 ነው። እሷም ሁለቱን ከ2015 በጀት ዓመት ጀምራ ለየቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሌለ ቁጥር ስትፈልግ ከረመች። ነሐሴ 2015 የ2016 በጀት ዓመት ሁለተኛ ወር ነው።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የበጀት ዓመቱን ስም፣ የጀመረበትን ቀን፣ ያለቀበትን ቀን። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። ኤክሴል ላይ ሰባት ወይም ስምንት የሚደምር ቀመር አትጠቀሙ፣ በእጅ ጻፉት። የዋጋ ንረቱን ከበጀቱ ላይ ለመቀነስ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ዓመታዊ ቁጥር አትውሰዱ። የስታቲስቲክስ አገልግሎትን ወርኃዊ የዋጋ መረጃ ጠቋሚ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ወስዳችሁ የ12ቱን ወር አማካይ አውጡ። ከዚያ ፈትኑት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰንጠረዣችሁ ላይ የት ይወድቃል? 2017 ላይ ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ሥራ አትሂዱ። እባካችሁ አትሂዱ።

ምልክት፦ በጀቱ በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ

የጸደቀ፣ የተስተካከለ (በዓመቱ ውስጥ ተጨምሮበት ወይም ተዛውሮ የተቀየረ) እና ወጪ የሆነ በጀት ተቀላቅሎባችኋል። ጥሩ ምሳሌው የፌዴራሉ ነው። የ2017 በጀት መጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ይህን ከ971.2 ጋር ካነጻጸራችሁት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ተጨማሪውን ስታስገቡ ዕድገቱ በጣም ይወርዳል። ክልሎችም ተጨማሪ በጀት ያጸድቃሉ፣ ከአንዱ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላውም ያዛውራሉ። ስለዚህ አንዱን ዓይነት ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። ያለፈውን ዓመት «ወጪ የሆነ» ከመጪው ዓመት «የጸደቀ» ጋር አጋጥሞ «ዕድገት» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ሰው ያሳስታል፤ አዘጋጁ ደግሞ ልዩነቱን እያወቀ ዝም ይላል። ይህን መታገሥ አልችልም።

ምልክት፦ ድጎማው አድጓል፣ ወረዳው ግን ደመወዝ መክፈል ተስኖታል

ሁለቱም እውነት ነው። ለክልሎች የተመደበው የፌዴራል ድጎማ በ2015 በጀት ዓመት 209.4 ቢሊዮን ብር፣ በ2016 ደግሞ 214 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ጭማሪው ከ2 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። በዚያን ጊዜ የዋጋ ንረቱ በአብዛኞቹ ወራት ከ20 በመቶ በላይ ነበር። ብሩ ጨመረ፣ የሚገዛው ነገር ግን ቀነሰ። ስለዚህ በብር ብቻ የተሠራ ግራፍ አታውጡ፤ የዋጋ ንረቱ የተቀነሰለትን ከጎኑ አድርጉ። ጠቋሚውን ግን ከላይ ባልኳችሁ መንገድ አውጡት፣ ያለዚያ ሌላ ስህተት ትጨምሩበታላችሁ።

ምልክት፦ የክልሉ ድምር ከታወጀው በላይ ሆነ

ለወረዳ የተላለፈው ድጎማ ሁለቴ ተቆጥሯል። አንዴ ከክልሉ ወደ ወረዳ ሲሄድ፣ አንዴ ወረዳው ሲያወጣው። አንዱን አውጡ።

አልፎ አልፎ የሚገጥም

ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል፣ በጀቱ ላይ ግን የለም። ለጋሹ ራሱ በቀጥታ አሠርቶት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ በፋይናንስ ቢሮ በኩል ስለማያልፍ የክልሉ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ለብቻው መዝግቡት እንጂ ከክልሉ ካፒታል በጀት ጋር አትደምሩት።